ፈጣም የዘለለ ዕለት

ባጃጇ እምቢ ስትል ወርደን በእግር ጀመርን። ያምሮት ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እሷ ደረቷ ላይ የመሬት አስተዳደር መታወቂያዋ ይወዛወዛል፤ እኔ ትከሻዬ ላይ የመድፍ አፈሙዝ የሚያህል የፕላስቲክ ቱቦ ተሸክሜአለሁ። ቱቦው ውስጥ ከሰማይ የተነሳ የቀበሌያችን ፎቶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነው። ያኔ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ ገበሬ ሁሉ አረንጓዴ የይዞታ ደብተሩን ከሣጥን እያወጣ ማሳውን ፎቶ ላይ ይፈልግ ነበር። ድሮ በገመድና በዓይን ግምት የተለካው መሬት እንደገና ይመዘገባል ተብሏልና።

«ፍጠን እንጂ ባምላኩ! አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይህ ወረቀት ተዘግቶ ወደ ቡሬ ይመለሳል» አለች። «ከዚያ ወዲያ ማንም አልቅሶ መስመር አያስነሳም።»

«ቱቦው ነው የከበደኝ። አገር እኮ ነው የተሸከምኩት።»

ባምላኩ እኔ ነኝ። የቀን ሠራተኛ፣ ቱቦ ተሸካሚና መንገድ መሪ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ግማሽ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ራሴ ሞልቼዋለሁ። በቀያችን ዝናብ ጣለ ብዬ የነገርኩት ሰው እጁን ዘርግቶ ሳያረጋግጥ አያምነኝም፤ ያውም ሁለታችንም ዝናቡ ውስጥ ቆመን።

ያምሮት ለአገሩ አዲስ ናት፤ ገና ስድስት ወሯ ነው። እንዳይደክማት ብዬ መንገዱን በወሬ አሳጠርኩላት። ወንዛችን ፈጣም ከላይ ከተራራው ሲወርድ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሮጥ፣ ድንጋዩን እንዴት ቆርጦ ገደል እንዳበጀ ነገርኳት። ገደሉም ከመጥለቁ የተነሳ ሰኞ ዕለት ስሜን ብጣራ ሐሙስ ነው መልሶ የመጣልኝ፤ እሱም በጉንፋን ድምፅ።

ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ ሜዳው ላይስ?»

«ሜዳው ላይ ሲደርስ ይጠማዘዛል። በውጭኛው ጎኑ አፈር ይበላል፣ በውስጠኛው ይተፋል። አንዱን ያደኸያል፣ ሌላውን ያበለጽጋል። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያዘነብል ደግሞ እንደገና ጉልበተኛ ሆኖ ይቆፍራል።»

ቆም ብላ አየችኝ። «ይኸንን ማን ነገረህ?»

«የጂኦግራፊ መምህራችን ነዋ! ሰሌዳ ላይ ወንዝ ሥሎ ‹ወንዝ ተራራ ላይ ወጣት ነው፣ ሜዳ ላይ ሲያረጅ ይንገዳገዳል› አለን። እኔ ‹መምህር፣ ሲያረጅ ጠጅ ይጀምራል ማለት ነው?› ብዬ ጠየቅሁ። በዚያው አስወጣኝ፤ በዚያው ቀረሁ። የመጨረሻ ትምህርቴ ስለሆነች ነው ያልረሳኋት።»

አልነገርኳትም እንጂ፣ ልቤ ያን ቀን ሳቅ ላይ አልነበረም። የምንሄደው በማሳ ክርክር ላይ ያለችው እትየ ንግሥቴ ዘንድ ነው።

ባለጉዳዮቹ ከማሳው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ደርሰው ይጠብቁናል። የቀያችን የውሃ አባት መሪጌታ ቴዎፍሎስ ጭራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የውሃ አባት ማለት የመስኖ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ውሃውን በተራ የሚያድል፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቅ ነው፤ በወንዝ ነገር ከሳቸው በላይ ዳኛ የለንም። በቀኛቸው አያ ዘሩ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት ሲም የምትይዝ የቻይና ስልክ አለችው። በግራቸው እትየ ንግሥቴ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከኋላ ሃያ የሚሆን ሰው ዶማና አካፋውን ተደግፎ ያያል፤ ከቦይ ጠረጋ በቀጥታ የመጣ ነው።

ያምሮት ፎቶውን ሣሩ ላይ ዘርግታ አራት ጥጉ ላይ ድንጋይ ጫነችበትና ጣቷን አስቀመጠች። «ክርክሩ ይህቺ ማሳ ናት። ሁለት ቃዳ፤ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። ደብተራችሁን አምጡ።»

ሁለቱም አመጡ። ነገሩ ከሥሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ደብተሩ በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ሲሰጥ የያንዳንዱ ማሳ አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ተጽፏል። በእትየ ንግሥቴ ደብተር «በምሥራቅ፦ ፈጣም» ይላል። በአያ ዘሩ ደብተር «በምዕራብ፦ ፈጣም» ይላል። አያችሁ ስሕተቱን? ወንዝን እንደ ሰው ጎረቤት አድርገን ጻፍነው። ሰው እንኳ ቤቱን ነቅሎ ይሄዳል! በዓመቱ፣ በዘጠና ስምንት ነሐሴ፣ ፈጣም ከማሳዋ በምሥራቅ የነበረው ከማሳዋ በምዕራብ ተገኘ። ማሳው ወደ አያ ዘሩ ማዶ ቀረ። ያን ዓመት ባሏ ሐብቴ ሞቶባት ሐዘን ላይ ነበረች። በሬ የሚያሻግርላት አልነበረም። ማሳው ሦስት ዓመት ጦም አደረ፤ በአራተኛው አያ ዘሩ መንጥሮ አረሰው።

አሁን ሁለቱንም ደብተር ፎቶው ላይ ካለው ወንዝ ጋር ስታስተያየው፣ ማሳው የአያ ዘሩ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ ወረቀቱም አልዋሸም።

«ስፋቱን ለክተን ማወቅ አይቻልም?» አሉ መሪጌታ።

«በገመድ የተለካ ነው አባታችን» አለች ያምሮት። «የማንም ደብተር ከፎቶው ጋር አልገጠመም። የእርስዎም ጭምር።»

አያ ዘሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የማንንም አልነጠቅሁም። ፈጣም የሷን ማሳ ዓመት ባመት እየላሰ በላው፤ ወደ ሱዳን ሸኘው። ወዲህ ደግሞ ለኔ አዲስ ደለል እየተፋ ሠራልኝ። ይህ የሷ መሬት አይደለም፣ እግዜር በወንዝ እጅ የሰጠኝ ነው።»

«ደለል?» አለች እትየ ንግሥቴ። «ሐብቴ የከመረውን እርከን በበሬ ስታፈርሰው ደለል ነበር?»

«እርከን አላየሁም።»

«አፍርሰኸው በምን ታየዋለህ!»

መሪጌታ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ። «አባቴም የውሃ አባት ነበሩ። እሳቸው ሲፈርዱ የሰማሁትን ነው የምለው። ወንዙ ጥቂት በጥቂት እየላሰ ከሄደ ድንበሩም አብሮት ይሄዳል፤ ዘሩ ይረታል። ባንድ ጊዜ ዘሎ ከሆነ ግን ድንበሩ በድሮው መውረጃ ይቀራል፤ ንግሥቴ ትረታለች። ለመሆኑ ሲዘል ያየ ሰው አለ?»

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ወንዙ የዘለለበት ቀን የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት፣ ነሐሴ አስራ ስድስት ነበር። አገር በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ውሃው ሲጎድል መስከረም ጠባ፤ ወንዙ ሌላ ቦታ ተኝቶ ተገኘ፤ እንዴት እንደሄደ ያየ የለም። ከአንድ ሰው በቀር። ያ ሰው ቱቦ ተሸክሞ ቆሟል።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

ሳቁ ከዋርካው ላይ ርግቦቹን አስነሳ።

«ኧረ በል ንገረን!» አለ አንዱ ከኋላ። «በግንድ ላይ ተቀምጠህ ዓባይ በረሃ የወረድክበትን!»

«አዞው መንገድ የለቀቀልህን!» አለ ሌላው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ይህንን ታሪክ በየጠላ ቤቱ ሸጬዋለሁ። በኔ ወሬ ፈጣም እንደ ኮርማ አጥር ዘለለ፤ እኔ ዋርካው ጫፍ ላይ ሆኜ ቀንዱን ያዝኩ፤ በግንድ ተሳፍሬ ዓባይ በረሃ ደረስኩ፤ ቅዳሜ ከገበያተኛ ጋር በአይሱዙ ተመለስኩ። አሁን የምታስፈልገው እውነት እዚያ ክምር ውስጥ አንዲት ፍሬ ሆና ተቀብራለች።

«ለማየትህ ማረጋገጫ አለህ?» አለች ያምሮት። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

«ዘሎ ከሆነ የድሮ መውረጃው አፈር ለብሶ እዚህ መቅረት አለበት» አልኩ። «ሲቆፈር የወንዝ ድንጋይ ይወጣል። ከማዶውም ከወዲሁም ግን ጥቁር መሬት ነው የሚሆነው። እየላሰ ሄዶ ከሆነ ደግሞ ማሳው ሙሉ ከሥሩ ጠጠር ነው።»

ያምሮት ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው።»

መምህሬ ቢሰማኝ!

«የት ነው የሚቆፈረው?» አሉ መሪጌታ።

«እዚሁ! ከዋርካው ሥር። እግሬ ውሃ ይነካ ነበር።»

አያ ዘሩ ፈገግ አለ። «ይቆፈር። ግን መሪጌታ፣ አንድ ነገር ይጻፍልኝ። ድንጋይ ካልወጣ ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር ወሬ ላያወራ በፊታችሁ ይማል።»

«እምላለሁ» አልኩ፤ ሳላስበው።

ከቦይ ጠረጋ የመጡት ሰዎች ዶማቸውን አነሱ። እስከ ጉልበት ቆፈሩ፤ ጥቁር አፈር። እስከ ወገብ ቆፈሩ፤ ጥቁር አፈር። እኔም ገብቼ ቆፈርኩ። አንዲት ጠጠር እንኳ አልወጣችም። ሰዓቱ አስር ከሩብ ሆነ። ያምሮት የእጅ ሰዓቷን አይታ ወደ ፎቶው አጎነበሰች። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ቀን ዋርካ ላይ አልነበርኩም። ዋርካውን ወሬው ላይ የጨመርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዛፉ ትልቅ ስለሆነ ያምርልኛል ብዬ። ደጋግሜ ስናገረው ራሴው አምኜዋለሁ። ያኔ የነበርኩበትን ቦታ በገዛ ምላሴ ከቦታው ነቅዬዋለሁ።

እትየ ንግሥቴ ወደ ጉድጓዱ አፍ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። «ውጣ ልጄ፣ ተወው። ልትረዳኝ ነው የፈለግህ፤ አውቄልሃለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ማሳ ሲኖራት ዓመቱን ትዘልቃለች፤ ከሌላት ጓሮዋ ብቻ ከሚያዝያ አያሳልፋትም። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ አያ ዘሩም ያውቃል።

«ማል እንጂ!» አለኝ አያ ዘሩ።

ከጉድጓዱ ሳልወጣ ቆሜ ተናገርኩ። አፌ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

«ዋርካ ላይ አልነበርኩም። አንዲት ትንሽ የዶቅማ ዛፍ ላይ ነበርኩ፤ በእትየ ንግሥቴ ማሳ ዳር። ከቅዳሴ ቀርቼ የወጣሁት ሴቶቹ ሲመለሱ በጋኔን ድምፅ ላስደነግጣቸው ነው። ከላይ በረዶ ጥሎ ኖሮ ወንዙ ድንገት ሞላ። ከዚያ ከኋላዬ መሬቱ ተሰንጥቆ ጮኸ። ዞር ስል በማሳዋና በጓሮዋ መሃል ሌላ ወንዝ አለ። ከፊቴ የነበረው ውሃ ደግሞ መጉደል ጀመረ። በሁለት ወንዝ መሃል ቀረሁ። ቀንድ አልያዝኩም። ዓባይ በረሃም አልወረድኩም። አለቀስኩ፤ ‹እማዬ› እያልኩ።»

ማንም አልሳቀም።

«ራሴንም አላወጣሁም። ከማዶ አያ ዘሩ ነው ያወጣኝ። በሬ ጠፍቶበት ሲፈልግ የአህያ መጫኛ ገመድ ትከሻው ላይ ነበር። እሱን ወርውሮልኝ ጎተተኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ከወሬዬ ውስጥ አስወጣሁት፤ ጀግናው እኔ እንድሆን ብዬ። አያ ዘሩ፣ ነፍሴ ያንተ ናት። እግዜር ይስጥልኝ ሳልልህ ቀረሁ። ዛሬ እግዜር ይስጥልኝ።»

አያ ዘሩ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ጋቢውን ወረወረው።

«አሥር ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «አሥር ዓመት ሙሉ በጠላ ቤት ተቀምጬ አዞውን ሲያወራ እሰማለሁ! ጎረቤቱ ሁሉ ጠርሙስ ያነሳለታል! ያዳነ ሰው እንዴት ራሱን ያወራል? የዳነው ነው የሚያወራው! መዳፌ በመጫኛው ተልጦ ሁለት ሳምንት ማረሻ አልያዝኩም! ሚስቴ እንኳ አላመነችኝም፤ ‹ባምላኩ እኮ በአይሱዙ ነው የመጣው› አለችኝ!»

«ጥፋቴ ነው አያ።»

«ደግሞ ወረወረ ይላል! ወርውሬ ብቻ ነው? ኑ፣ ኑ እዩ!» ብሎ ከአንዱ እጅ ዶማ ነጥቆ ተነሳ። ወደ ምዕራብ ስልሳ እርምጃ ያህል ተምዘግዝጎ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። እኔ ከወጣሁባት ትይዩ፣ ከወዲህኛው ዳር የነበረች፣ አሁን እርሻው መሃል ብቻዋን የቀረች ሌላ ጎባጣ ዶቅማ ስር ቆመ። «ከዚች ነው ያሰርኩት! ግንዷን አንቆ ነበር፤ ይኸው ጠባሳዋ! ከዚህ ላይ ቆሜ ስወረውር ዳሩ ተናደብኝ፤ እዚህ፣ እዚህች ጋ ገብቼ እስከ ብብቴ ሰመጥኩ! አንተ ከዚያ ወዲያ ነበርክ! ውሃው እዚህ...»

እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

መሪጌታ በዝግታ ደረሱ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ዘሩ፣ እስከ ብብትህ የሰመጥክበት ቦታ ላይ ቆመሃል። እስቲ በያዝከው ዶማ ሞክረው።»

 አያ ዘሩ ዶማውን አየ፤ እትየ ንግሥቴን አየ። ወደ ኋላ ማለት ይችል ነበር። ‹ዘባረቅሁ› ቢል ማን ምን ያደርገዋል? ግን እንዲያ ካለ ያቺ ማዳኑም አብራ ውሸት ልትሆን ነው፤ ገና አሁን፣ ባሥር ዓመቷ፣ በአደባባይ ያገኛት።

ዶማውን ራሱ አነሳ።

በአራተኛው ምት ድንጋይ ነካ። እንደ ድንች የተላለሰ፣ ክብ፣ ለስላሳ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ አሸዋ፤ ከዚያ ድንጋዩ ማለቂያ አጣ። ሰዎቹ ወደ ማሳው ተሻግረው ሃያ እርምጃ ወዲያ ሲቆፍሩ ጥቁር አፈር እስከ ወገብ። ከጉድጓዱ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎም ተደርድሮ የተቀመጠ የእርከን መሠረት ድንጋይ ብቅ አለ። እትየ ንግሥቴ ተንበርክካ በእጇ ጠራረገችው። የሰው እጅ የደረደረውን ድንጋይና ወንዝ ያንከባለለውን ድንጋይ ለመለየት ሰባተኛ ክፍልም አያስፈልግ።

ያምሮት ፎቶውን ይዛ እየሮጠች መጣች። «እዩ! ይህቺን አረንጓዴ ማጭድ የመሰለች መስመር አይቻት የእግር መንገድ መስላኝ ነበር። ከድሮው መውረጃ ላይ ሣሩ እርጥበት ይዞ ነው!» በፎቶው ላይ ተከተልናት፤ ከጎባጣዋ ዶቅማ ጀምራ ማሳውን ከምሥራቅ አቅፋ ትዞራለች።

መሪጌታ ጭራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘሏል። ድንበሩ በድሮው መውረጃ ቀርቷል። ዘሩ፣ የምትለው አለህ?»

አያ ዘሩ መዳፉን ከፍቶ አየው። «ምን እላለሁ? ምስክሩም እኔው ሆንኩ» አለ፤ ከዚያም ሳይታሰብ ሳቀ። «እንቺ ንግሥቴ፣ እርከኑን እኔ ነኝ ያፈረስኩት። እኔው እክበዋለሁ።»

«ወደ ማሳውስ በምን እሻገራለሁ? በባምላኩ ግንድ?» አለች እትየ ንግሥቴ፤ ዓይኗ እርጥብ፣ አፏ ስል።

«ሁለት ባሕር ዛፍ እስከ ቅዳሜ እጥልልሻለሁ። ከብት የሚያሻግር ይሁን ካልሽ አራት።»

«አራት» አለች።

ሰዓቱ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ያምሮት ተንበርክካ ቀዩን መስመር በማጭዷ ላይ ሳበች። ከዚያ ቅጹን አወጣችና «አዋሳኝ» የሚለው ላይ ደረሰች። በእትየ ንግሥቴ ወረቀት በምሥራቅ በኩል ፈጣም የሚለውን ሰርዛ «ዘሩ» ብላ ጻፈች። በአያ ዘሩ ወረቀት በምዕራብ «ንግሥቴ» አለች። ሁለቱም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ወዲያ ፈጣም እንደልቡ ይዝለል፤ ጎረቤት አይደለም፣ ወንዝ ነው።

ወረቀቱ ቱቦው ውስጥ ገባ። ባጃጇን ሰው ገፍቶ አስነስቷት ኖሮ ከላይ መለከቷን ትነፋለች። እኔ ግን ቱቦውን እንደያዝኩ እግሬን ጎተትኩ፤ ምክንያቱም አያ ዘሩ ዶቅማዋን ተደግፎ ሰው ሰብስቧል።

«እንግዲህ» ይላል፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ውሃው እንዲህ ይፈላል። ይህ ልጅ እዚያ ማዶ ያለቅሳል። እኔ መጫኛዬን ፈታሁ። ሠላሳ ክንድ መጫኛ!»

አስራ ሁለት ክንድ ነበር። አስራ ሁለት እንደነበረች አምላክ ያውቃል፤ የአህያ መጫኛ ከዚያ አያልፍም። መሪጌታ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። ያምሮትም። አያ ዘሩም ዞረ፤ ፊቱ ላይ እንደ ሕፃን የሚለምን ነገር አለ። «ባምላኩ፣ አይደለም እንዴ?»

ዛሬ እስኪበቃኝ እውነት ተናግሬአለሁ። ቱቦዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩ።

«ከኔዋ ዶቅማ ላይ ሆኜ መጫኛው ሲመጣልኝ ሳየው፣ አያ፣» አልኩ፣ «ሠላሳም ያንሰዋል።»